«አጥፋውና ጫነው»

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፕሪንተር ነው። አትሳቁ። ነገሩ ቢሮ የሚሠራውንም፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተውንም፣ ቤቱ ላፕቶፕ ያለውንም ይመለከታል። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰኞ ፈተና ሊጀመር፣ ሐሙስ ከሰዓት የቢሯችን ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ መጣ። ፕሪንተሩን ስንሰካው አላውቀውም አለ። የድራይቨሩ ሲዲ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቢገኝም ኮምፒውተሩ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። አንድ ባልደረባችን ሮጥ ብሎ ሰፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ድራይቨሩን በፍላሽ አመጣ። ልንጭነው ስንል ዊንዶውስ «አደገኛ ፋይል አግኝቻለሁ» ብሎ ያዘው።

ቢሮ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «አንቲቫይረሱን አጥፋውና ጫነው!» አለኝ። «ኮምፒውተር ይችላል» ተብሎ ሁሌ የሚጠራው እኔ ስለሆንኩ ማውሱ እጄ ላይ ነው። «ቆይ እስኪ» አልኩ። የፈተና አስተባባሪያችን ተቆጡ።

«አንተ ልጅ፣ ሰኞ እኮ ፈተና ነው! ከተማሪና ከቫይረስ የቱ ይበልጥብሃል?»

«ጋሼ፣ ፈተናው ራሱ ያለው እዚህ ኮምፒውተር ላይ እኮ ነው» አልኳቸው።

እውነትም የሁሉም ትምህርት ፈተና፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የምዝገባ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያው ነው ያለው። ፈተናው ሳይሰጥ ቢወጣ ወይ የተማሪ ውጤት በአንድ ሌሊት ቢቆለፍ ማን ሊጠየቅ ነው?

እስቲ ነገሩን ላብራራው። ድራይቨር ማለት በኮምፒውተሩና በፕሪንተሩ መካከል ያለ አስተርጓሚ ነው። ችግሩ ይህ አስተርጓሚ ሳሎን ተቀምጦ አይመለስም፤ ጓዳ ድረስ ይገባል። ሲጫን የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሲስተም ፎልደር ውስጥ ፋይል ያስቀምጣል፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ይተክላል፣ አንዳንዱም ራሱን ለማደስ ኢንተርኔት ይወጣል። ቫይረስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው! ስለዚህ አንቲቫይረስ አንዳንዴ ንጹሑን ድራይቨር ሌባ ነህ ብሎ ይይዘዋል። ይህ በእርግጥ ያጋጥማል። «አጥፋውና ጫነው» የሚለው ምክር የተወለደውም ከዚህ ነው፤ አሥር ጊዜ አጥፍተው ጭነው ምንም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው የሚመክሩን።

አሥራ አንደኛውስ?

እ.ኤ.አ. በ2025 የሆነውን ልንገራችሁ። ካሜሮን ካዋርድ የተባለ የዩቲዩብ ሰው ፕሮከለርድ ከሚባል ኩባንያ 6,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ፕሪንተር ለግምገማ ደረሰው። አብሮ የመጣውን ፍላሽ ሲሰካ አንቲቫይረሱ ጮኸ። ኩባንያውን ሲጠይቅ «የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው» አሉት። ሰውየው ግን አላመነም፤ ነገሩን አደባባይ አወጣው። ጂ ዳታ የሚባለው የጀርመን የደኅንነት ኩባንያ ባለሙያ ካርስተን ሃን ከኩባንያው የማውረጃ ገጽ ላይ ያሉትን ፋይሎች ሲመረምር 39 የተበከሉ ፋይሎች አገኘ። ሁለት ዓይነት ቫይረስ ነበር። አንዱ ለሰርጎ ገቦች የጓሮ በር የሚከፍት ነው። ሌላው ደግሞ ሰው የቢትኮይን አድራሻ ኮፒ ሲያደርግ በሌባው አድራሻ የሚቀይር ነው። ወደ ሌባው አድራሻ 9.3 ያህል ቢትኮይን ገብቶ ተገኝቷል። በዚያን ጊዜ ዋጋ ይህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ኩባንያው በኋላ ምን አለ? ሶፍትዌሩ ወደ ድረ ገጹ የተዛወረው በፍላሽ ስለነበር ቫይረሱ በዚያ ገብቶ ሊሆን ይችላል አለ። በፍላሽ! እኛ ቢሮ በየቀኑ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር በሚዞረው ዓይነት ዕቃ!

ፕሪንተር ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ሌባ የሚወደው በር ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የሕትመት ወረፋ የሚያስይዘው ስፑለር የሚባለው ክፍል ከፍተኛ ሥልጣን ይዞ ነው የሚሠራው። በ2010 የታወቀው፣ የኢራንን የኒውክሌር ማዕከል ያጠቃው ስተክስኔት ከተሰራጨባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ስፑለር ነበር። በ2021ም እዚያው ክፍል ላይ «ፕሪንትናይትሜር» የተባለ ክፍተት ተገኝቶ ማይክሮሶፍት በጥድፊያ ማስተካከያ ማውጣት ግድ ሆኖበታል።

ወደ ቢሯችን ልመለስ። ያደረግኩት ብዙ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም።

መጀመሪያ ፋይሉን ከፍላሹ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ፊርማ የሚለውን ፈለግኩ። ትልልቅ አምራቾች የሚያወጡት ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ፊርማ አለበት። የእኛው ምንም የለውም። ከዚያ ቫይረስቶታል በሚባለው ድረ ገጽ አስመረመርኩት፤ አንድን ፋይል ከ60 በላይ በሆኑ አንቲቫይረሶች በአንዴ ያሳያል። አንድ ሁለቱ ብቻ ቢጮሁ የሐሰት ሊሆን ይችላል። የእኛን ግን የታወቁት ሁሉ ተራ በተራ በቀይ አቀለሙት። (እዚያ ላይ ግን ፈተና ወይም የግል ሰነድ እንዳትጭኑ! የተጫነው ፋይል ለሌሎችም ይደርሳል።)

ቀጥሎ በስልኬ ዳታ ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ የሞዴሉን ቁጥር ፈልጌ ዋናውን ድራይቨር አወረድኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ እስኪመሽ ጠበቅኩ። ፊርማው አለ፣ ምርመራውም ንጹሕ ነው። አንቲቫይረሱን ሳላጠፋ ተጫነ፣ ዊንዶውስም ምንም አላለም። ፍላሹን ፎርማት አድርጌ ኮምፒውተሩን ሙሉ ስካን ላይ ትቼው ወጣሁ።

አዳዲስ ፕሪንተሮች ያላችሁ ደግሞ ጭራሽ ይህ ሁሉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ሞፕሪያ የሚለውን ደረጃ የሚያሟሉ ፕሪንተሮችን በራሱ ድራይቨር ያሠራቸዋል። ስለዚህ ድራይቨር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ሰክታችሁ ትንሽ ታገሡት።

ዓርብ ታተመ፤ ቅዳሜ ዕረፍታችንን ትተን ስናባዛና ስቴፕል ስናደርግ ዋልን፤ ሰኞ ፈተናው በሰዓቱ ተሰጠ። አስተባባሪያችን እስከ ዛሬ «ቅዳሜያችንን በላህ» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ያልደረሰ ጉዳት አይታይማ። ኮምፒውተሩ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም አብረን ነበር የምናለቅሰው፤ ስላልተቆለፈ ግን የሚታየው የጠፋው ቅዳሜ ብቻ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ተማሪዬ የነበረ ነው፤ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳልኝ። ጉዳዩን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ቲቸር፣ ዓመት ሆኖታል እኮ። ስንት መሥሪያ ቤት ነው የወሰደው። እኔ ሁሌም አጥፍቼ ነው የምጭነው።»

ክፋት የለበትም። ሰው ለመርዳት ብሎ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ በነፃ፣ ነው የሰጠው። አብረን ተቀምጠን ፋይሉን አጠፋን፣ የሚያስታውሳቸውን ደንበኞች ስም በወረቀት ጻፍን፣ እሱም እየደወለ መንገር ጀመረ። አንዳንዶቹ አመሰገኑት፤ አንዱ ደግሞ «እኛ ጋ ይሠራል፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ዘጋበት።

ክፍል ውስጥ መልስ ስትሰጡኝ «ከየት አመጣኸው?»፣ «እንዴት አወቅሽ?» እያልኩ አሰለቻችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣም ጥያቄው ያው ነው። ማስጠንቀቂያው ሊሳሳት ይችላል፤ ማጥፋት ግን መልስ አይደለም። ፋይሉ ከየት መጣ? ማን ፈረመበት? ሌሎችስ ምን ይላሉ? ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

በተለይ ኮምፒውተር ጥገናና ፎቶ ኮፒ ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ እናንተን ሰው ያምናችኋል። ያቺ ፍላሽ ከእጃችሁ ስትወጣ ስንት ቢሮ እንደምትገባ አታውቁም። ዛሬ ማታ ክፈቷት፤ ውስጧ ያለው ድራይቨር ከየት እንደመጣ የማታስታውሱት ከሆነ አጥፉትና ከአምራቹ ድረ ገጽ በአዲስ አውርዱት።

መልካም ሳምንት!