ያላስተማርሁት ቃል

የሌላውን ሕዝብ ባህል ማስተማር ከፖለቲካ የጸዳ፣ የትሕትናና የወዳጅነት ሥራ ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነቴን ያናጋችው ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤት ሠራተኝነት ለመቀጠር ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ትዘጋጅ የነበረች አንዲት ወጣት ናት።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኞች ከጉዞ በፊት ገለጻ እንዲያገኙ ደንግጓል። እኔም በአንድ ማሠልጠኛ ስለ ተቀባዩ አገር ወግ እንዳስተምር ተጠየቅሁና፣ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ፣ ትምህርቱን በአጭር ተውኔት አቀረብሁት። እመቤቲቱ ትጠራለች፤ ሠራተኛዋ ዐይኗን ሰበር አድርጋ ትቀርባለች፤ በግራ እጇ ምንም አታቀብልም፤ ለታዘዘችው ሁሉ «ሐዲር»፣ ማለትም «እሺ»፣ ትላለች። ተማሪዎቹ አልተቸገሩም። ዐይን መስበሩም ሆነ በቀኝ እጅ ማቀበሉ ከእናታቸው ቤት ይዘውት የመጡት ወግ ነበርና።

ልምምዱ ሲያበቃ ያቺ ወጣት እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ‹እምቢ› በዓረብኛ ምን ይባላል?»

ቃሉ «ላ» ነው፤ አንድ ፊደል። በተውኔቴ ውስጥ ግን አንድም ጊዜ አልገባም። «እሱ አያስፈልግሽም» ብዬ አለፍኋት። ተሳሳትሁ ብቻ አልልም፤ በደልኋት።

መግባባት የሁለት ወገን ሥራ ሆኖ ሳለ፣ የእኔ ትምህርት ሸክሙን በሙሉ በደካማዋ ወገን ትከሻ ላይ ጭኖ ኖሯል። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ሲያቆራኝ የኖረው የከፋላ ሥርዓት የሥልጣን እንጂ የባህል ጉዳይ አይደለም። ፓስፖርት መንጠቅም የኩዌትና የኳታር ሕግ ጭምር የሚከለክለው ድርጊት እንጂ ወግ አይደለም። ይህን ሁሉ «የአገሩ ልማድ ነው» ብሎ የሚሸፍን መምህር ሠራተኛዋን አሳልፎ ከመስጠቱም በላይ የዚያን ሕዝብ ስም ያጠፋል፤ በደልን ባህሉ ያደርግበታልና።

እኛስ ብንሆን? ከገጠር አምጥተን በየቤታችን የምናሠራት ልጅ የእኛን ቋንቋና ወግ እንድታውቅ እንቈጣታለን፤ የእሷን ለማወቅ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ከዚያ ወዲህ ተውኔቱን እንደገና ጽፌዋለሁ። አሁን ሠራተኛዋ በአክብሮት «ላ» ትላለች፤ ውሏንም አውጥታ ታሳያለች። ቃል ብቻውን የተቈለፈ በር እንደማይከፍት አውቃለሁ። ያቺ ወጣት ግን የሄደችው የመጀመሪያውን ተውኔት አጥንታ ነው።