ሲሻላት ያቆመችው መድኃኒት

ሰማያዊው ፓፍ ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ መምህርት ናት። የጠመኔው ብናኝ ደረቷን ሲይዛት ከክፍል ወጣ ብላ ሁለት ጊዜ ትስባለች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃታል። ከአስም ጋር ሃያ ዓመት የኖረችው እንዲህ ነው።

ሐኪም ሌላም አዝዞላት ነበር፤ ቤክሎሜታዞን የሚባለውን የሚሳብ መድኃኒት፣ ጠዋትና ማታ፣ "ቢሻልሽም እንዳታቆሚ" ብሎ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ለውጥ አላየችም። በሁለተኛው ወር ግን ሌሊት እያፈናት መንቃቷ ቀረ፤ ደረጃም ሳታርፍ መውጣት ጀመረች። ያኔ ተወችው። ድናለቻ! እናቷም "ከለመደሽ አይለቅሽም ልጄ" ይሏት ነበር፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ጠበልም ትሄዳለች፤ መድኃኒቱን ያስተዋት ግን ጠበሉ ሳይሆን ደህና መሆኗ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ምሽት ጎረቤት እንጀራ ለመጋገር ያነደደው እርጥብ እንጨት ግቢውን በጭስ ሞላው። ሰማያዊውን ደጋግማ ሳበች፤ አልለቅ አላት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃታት። የ11 ዓመት ልጇ ፓፉን እየነቀነቀ "እማዬ፣ አልቆ ይሆን?" ይላታል። አላለቀም ነበር። ድንገተኛ ክፍል ደርሳ ኦክስጅን ተደርጎላት ሌሊቱን አለፈችው።

አስም የአየር ቧንቧ እብጠት ነው። ሰማያዊው ሳልቡታሞል በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያላላል እንጂ እብጠቱን አይነካም። እብጠቱን የሚቀንሰው ያ "ምንም የማይሰማው" ነው፤ እሱም የሚሠራው በየቀኑ እስከተወሰደ ድረስ ነው። የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። 200 መጠን የሚይዘውን ሰማያዊ ፓፍ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው፣ በሽታው ሊነሳበት የሚችልበት አደጋ ከፍ ያለ ነው። እሷ በሦስት አትመለስም ነበር።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው ማለት ግን ግፍ ነው። "መድኃኒት" የሚለው ቃል ራሱ መዳንን ተሸክሟል። መድኃኒት የተሰጠው ሰው ልዳን ብሎ ቢጠብቅ ምን ይገርማል? "ይህ አያድንሽም፣ ግን እንቅልፍሽን ይመልስልሻል" ብሎ የነገራት አልነበረም። አሳሳቧም ልክ እንዳልነበረ ያየላት የለም። አብዛኛው ምላሷ ላይ ይቀር እንደነበር ያወቀችው በዚያ ሌሊት ነው። አንዲት ነርስ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀዳ፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብላ እንድትስብ አሳየቻት።

አሁን ፓፉን ጥርስ ብሩሹ አጠገብ አስቀምጣዋለች፤ ስባ ትቦርሻለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች። ቡና ሲፈላ እጣኑ ከተጨሰበት ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ደመራንም ከሩቅ ታያለች። በዚህ ዓመትም ሁለት ክፉ ሌሊቶች አሳልፋለች፤ በፊት በወር ስንት እንደነበሩ አትቆጥራቸውም ነበር።

እናቷ አሁንም "ታዲያ መቼ ነው የምታቆሚው?" ይሏታል። "አላቆምም እማዬ" ትላቸዋለች። ሐኪሟ በሚቀጥለው ቀጠሮ መጠኑን ሊቀንስላት እንደሚችል ነግሯታል። እስከዚያው የያዘችው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲ መዞር ትጀምራለች፤ አንዳንዴ ሦስተኛው ላይ ታገኛለች።