ከባቄላው ማሳ

ሐምሌ 30፣ መሐል ሜዳ
ጉሙ እስከ አራት ሰዓት አልተገለጠም። አባባን ባናቸውን እንደደረቡ ባቄላው መሐል ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። አንድ ቅጠል ገልብጠው አሳዩኝ፤ ከሥሩ እንደ ኪንታሮት ያሉ አረንጓዴ እብጠቶች ወጥተዋል። «ቆርምድ ገባ» አሉ። በልጅነቴ በእኛ ቀዬ ስሙም አይታወቅም ነበር።

ነሐሴ 3
ማታ እሳት ዳር «ቅጠሉ በሽታው ሲገባበት ዝም ብሎ ነው የሚያየው?» አሉኝ። የባዮሎጂ አስተማሪነቴ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ጥያቄ ነው። ተክል በደም የሚዞር ዘብ የለውም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ዘበኛ ነው አልኳቸው። የሻጋታ ገላ የተሠራበት ካይቲን ስባሪ ሕዋሱን ሲነካ፣ በሽፋኑ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ባዕድነቱን ይለያል። ወዲያው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ጩኸቱ እሱ ነው። ከዚያ ግድግዳው ይወፍራል፣ መርዝ ይሰናዳል፤ አንዳንዴም የተነካው ሕዋስ ራሱን ገድሎ ጠላቱን ያስርባል። ጠላትም ሞኝ አይደለም፤ ጩኸቱን የሚያፍን ፕሮቲን ይዞ የሚገባው ብዙ ነው።
«ሳይነኩት በፊት ቢጮኽስ?» አሉ።

ነሐሴ 4
መልሱን ያገኘሁት ከገብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1938 ጀርመኖች ከኢትዮጵያ የገብስ ዘር ሰብስበው ወስደዋል። ከመካከሉ፣ ቅጠልን አመድ የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ሻጋታ የማይደፍረው ተገኘ። ምሥጢሩ ትርፍ መሣሪያ አይደለም። መከላከያውን እንደ ልጓም የሚይዘው ኤምኤልኦ የተባለ ፕሮቲን በዚህ ገብስ ይጎድላል፤ ስለዚህ ሻጋታው ሊበሳ በሞከረበት ነጥብ ሕዋሱ ፈጥኖ ይደፍነዋል። ኤምኤልኦ-11 የተባለው ይህ ውርስ እ.ኤ.አ. በ1979 አቴም በሚባል የአውሮፓ ዝርያ ለገበሬ ደረሰ። ዋጋም ያስከፍላል፤ ጠላት ሳይመጣ ቅጠሉ ላይ የሞቱ ነጠብጣቦች ሊታዩ ይችላሉ።
አባባ ሳቁ። «ጥላ ባየ ቁጥር የሚጮኽ ውሻ ሌባ ያባርራል፤ ጌታውን ግን አያስተኛም።»

ነሐሴ 9
ዝናቡ አባራ። እብጠቶቹ ቡናማ ሆነዋል፣ ቅጠሉም እየደረቀ ነው። የበሽታው ዘር በቅሪቱ ስለሚያድር፣ ይህ ማሳ ለከርሞ ለገብስ ይሁን ተባባልን። ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ከታመሙት መሐል ንጹሕ የቆሙ ሦስት እግር ባቄላ አዩና ከባናቸው ጫፍ ክር መዝዘው አሰሩባቸው።
«እነዚህ ሰምተዋል» አሉ። ለዘር ይቀመጣሉ።