ሰማይ ላይ የዝሆኖች ጠብ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ አጨበጨብን። በዚያው ዕለት አሜሪካ የጠፈር ኃይሏን ራሱን የቻለ ጦር አድርጋ መሠረተች። የእኛዋ የመጠቀችበት የታይዩዋን ጣቢያም ቢሆን በቻይና ጦር ሥር ነው። ቻይና በበኩሏ ጠፈርንና ሳይበርን አጣምሮ የያዘውን ኃይሏን በ2016 ዓ.ም. በትና፣ የጠፈሩን ለብቻው አቆመችው።

የኃያላን ታፔላ መቀያየር ምን አገባን? እንዴታ፣ ያገባናል! ታክሲ ስንጠራ ያለንበትን የሚጠቁመውን ጂፒኤስ የሚያንቀሳቅሰው ያው የአሜሪካ ጠፈር ኃይል ነው። ሩሲያ ደግሞ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የገዛ ሳተላይቷን በሚሳኤል መትታ ከ1,500 በላይ ስብርባሪ በተነች። ስብርባሪ የማንን ሳተላይት እንደሚመታ አይመርጥም። ዝሆኖቹ ሰማይ ላይ ከተራገጡ፣ ሣሩ አንድ ኩንታል የማትሞላው የእኛዋ ዓይነት ሳተላይት ናት።