የጎረቤት ጣራ

የእህቴን ብር በልቻለሁ። ጅዳ ውስጥ የሰው ቤት እየጠረገች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች ለእናታችን ጣራ ብላ የላከችውን ብር። የከሰሰኝ የለም፤ ጉዳዩም ከቤታችን አልወጣም ነበር። ዛሬ የማወጣው እኔው ነኝ፤ እንዲህ ያደረግኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ ከዚያም ወደ አምባሰል ተራሮች ከፍ ብለው ባሉት መንደሮች፣ ልጅ ወይ እህት አረብ አገር ያልላከ ቤት ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ደጅ መርገጥ ይጠይቃል። በየቤቱ ደግሞ ስልኩን የሚይዝ አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

እህቴ እታለም የሄደችው ሞባይል ወደ እኛ ሳይደርስ ነው። አገራችን ሞባይል የጀመረችው በ1991 ዓ.ም. ቢሆንም ያኔ የአዲስ አበባ ሰው ነገር ነበር። ለእኛ ስልክ ማለት ውጫሌ ወርዶ ተራ መጠበቅ ነው። (ውጫሌ ሲባል ሌላው ሰው የ1881ዱ ውል ትዝ ይለዋል፤ እኛ ግን ገበያው ነው የሚታወሰን።) ስለዚህ ድምጿ የሚደርሰን በካሴት ነበር፤ ከጅዳ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ውስጥ። ካሴቱ አብዛኛውን ጊዜ የመንዙማ ነው። አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ደፍና በላዩ ላይ ትቀዳበታለች።

የቴፑ ድንጋይ ደክሞ እንደሆነ ከጠዋት ጀምረን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ማታ ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ቴፑ መሀል ይቀመጣል። ሰላምታው ብቻውን የካሴቱን ሩብ ይበላል፤ ስሙ የተዘለለ ሰው ካለ ቅያሜ አለ። ከዚያ ድምጿን ጠበቅ ታደርግና «ይህን ያህል ብር በእገሌ እጅ ልኬያለሁ፤ ይህን ያህሉ ለእማ፣ ይህን ያህሉ ለወንድሜ ደብተርና ልብስ» ትላለች። መጨረሻ ላይ ሳግ ይይዛትና መቅጃውን ታጠፋዋለች። ወዲያው ያልጠፋው መንዙማ ከመሀሉ ይቀጥላል። እማዬ እሱንም እስኪያልቅ ታዳምጠዋለች።

ብሩ ስንት እንደሆነ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። በጊዜው ያሳፍረኝ ነበር፤ ገመናችን አደባባይ የወጣ ይመስለኝ ነበር። ብሩን ያደረሰው ሰው አንዲት ብር ሊያጎድል ያልደፈረው ግን በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስን ሳስተምር አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ስላስጻፉት፣ ዕድሜው ከ700 ዓመት በላይ ስለሆነው ወንጌል እናገራለሁ። በዚያ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር ሰፍሮ ይገኛል። ገዳማትና አድባራት ርስታቸውንና ንብረታቸውን በወንጌል ላይ ከነምስክሮቹ ስም ያስጽፉ የነበረው፣ ነገ አንዱ ተነስቶ እንዳይክድ መሆኑን ለተማሪዎቼ በኩራት አስረዳለሁ። ደወል ሲደወል ጠመኔዬን አስቀምጬ እወጣና የእናቴን ሒሳብ ያለ አንድ ምስክር ለብቻዬ እይዝ ነበር።

በካሴቱና በስልኩ መሀል የባንክ ደብተር ዘመን ነበር። እማዬ መፈረም ስለማትችል ደብተሯ ላይ ፎቶዋ ተለጥፎ ነበር፤ ብር የምታወጣው ራሷ ቀርባ፣ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ነው። ቁልቁለቱ፣ ሰልፉ፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» መባሉ ያንገላታል። እሷ ካልመጣች ግን ብሩ ንቅንቅ አይልም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣና ባንኮቹም ሥራቸውን ወደ ስልክ ካዞሩ በኋላ እኔ የቤቱ ሊቅ ሆንኩ። «እማ፣ ከእንግዲህ ምን አንከራተተሽ? በእኔ ስም ይምጣ፣ እኔ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ» አልኳት። መታወቂያዋ ስላልታደሰ እሱም ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ። ለእታለም ደግሞ «እማ ስልክ አትችልም» ብዬ ነገርኳት። ሁሉም አመነኝ።

አትችልም ያልኩት ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑንም የማውቅበት ነገር ነበረኝ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2013፣ የብር ኖቶቹ ተቀይረው ነበር። አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው መልካቸውን ለወጡ፤ ሁለት መቶ ብር የሚባልም መጣ። እኔ ደሞዜን ስቆጥር እየተደናገርኩ እያለሁ እማዬ በአንድ የገበያ ውሎ ለየቻቸው፤ አሮጌ ኖት ሊያስታቅፋት የሞከረውን ነጋዴም መለሰችበት። ያቺን ሴት ነው እንግዲህ የሚስጥር ቁጥር መያዝ አትችልም ያልኳት። ሽማግሌ አዲስ ነገር አይገባውም የሚሉ ልጆች ስሰማ አሁን አሁን መጀመሪያ የማስበው ያ አለመግባት ማንን እንደሚጠቅም ነው።

ጥቅምት 2014 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ እኔ ሸሽቼ አዲስ አበባ ገብቻለሁ፤ እማዬ አምባሰል ቀርታለች። ኔትወርክ ድርግም አለ። ብሯ እኔ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ላይ ነው። ድሮ መቀነቷ ጫፍ ላይ የምትቋጥራት አትጠፋም ነበር፤ እኔ ነኝ «ብር ቤት ማስቀመጥ ኋላ ቀርነት ነው» ብዬ ያስተውኳት። እነዚያን ሳምንታት የገፋችው ከጎረቤት ዱቄት እየተበደረች ነው። ስንገናኝ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ይነቃ ነበር። እኔ ያተረፍኩት ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ብሩ እኔ ጋ ቢቀር የሚጠይቀኝ እንደሌለ ተማርኩ።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ ስልክ ገዛሁበት። «ለኢሞ የምስል ጥሪ ደህና ካሜራ ያስፈልጋል፤ የእማን ፊት ጥርት አድርገሽ ታያለሽ» አልኳት እታለምን፤ ደስ ብሏት ፈቀደች። ቀጥሎ የገባውን ሙሉ ብር ለእማዬ መናገር ተውኩ። ሰባት ሺህ ሲመጣ አራት አልኳት። «ዘንድሮ ሥራው ቀዝቅዞባታል» አልኳት፤ እማዬም ለቀዘቀዘው ሥራ ዱዓ አደረገች። ከዚያ እታለም የጣራውን ብር በሁለት ዙር ላከች። የእማዬ ቤት ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኖ ነበር። ብሩን እኔ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ባጃጅ ገዛሁበት። ባጃጁ ሠርቶ ይመልሰዋል፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው ይመታል የሚል ስሌት ነበረኝ። ሰው ገንዘብ ሲበላ ሁልጊዜ ስሌት አለው።

አንድ ዓርብ እኔ እማዬ ቤት እያለሁ እታለም በኢሞ ደወለች። ሰላምታው አለቀና፣

«ጣራው ተመታ አይደል?» አለች።

«ተመታ፣ አልቋል» አልኳት።

«እስኪ ካሜራውን አዙረህ አሳየኝ፣ ልየው!»

ስልኩን ይዤ ወጣሁ። «ኔትወርክ የለም» ብዬ መዝጋት እችል ነበር፤ የሁላችንም የተለመደ መውጫ ነው። ግን ኔትወርኩ ያን ቀን አለወትሮው ጥሩ ነበር፤ እኔም ድፍረት ተሰምቶኛል። የጎረቤቶቻችን ቤት ከእኛ ቤት በቁልቋል አጥር ብቻ ነው የሚለየው። ልጃቸው ከሪያድ በላከችው ብር አዲስ ቆርቆሮ መትተዋል። አጥሩ እንዳይታይ ስልኩን ከፍ አደረግሁና ያንን ጣራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብዬ አሳየኋት። ፀሐይ አርፎበት ያብረቀርቃል። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ትላለች እታለም፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «በል ለእማ ስጣት» አለችኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ስልኩን ተቀበለች።

«እማ፣ ደስ አለሽ?»

«አልሃምዱሊላህ ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። አላህ ያቆይሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ገብተን ተቀመጥን፣ ቡናውን ቀዳች። ስኒውን እየሰጠችኝ፣ «የጎረቤቶቻችን ቤት አያፈስም አሉኮ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

በኋላ እንደገባኝ ብሩ ስንት እንደተላከ ከእኔ ሳትሰማ ታውቅ ኖሯል። ጅዳ ከእታለም ጋር የምትውል አንዲት የአካባቢያችን ልጅ ለእናቷ ነግራለች፤ እናቲቱ ቡና ላይ ለእማዬ። እኔ ምስጢር ነው ያልኩት ነገር በሁለት ስኒ አልፎ ቤት ገብቷል። እማዬ የዋሸችው ልጇን ከልጇ ለመሸሸግ ነው፤ በዚያ ዕድሜዋ፣ ለሶላት ውዱእ አድርጋ በተቀመጠችበት። የበላሁትን ብር እመልሰዋለሁ፤ እሷን በውሸቴ ማስገባቴን ግን በምን እንደምመልሰው አላውቅም።

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሕዝቡ ተጨነቀ፤ ኢሞ የለመዱ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ሳያዩ ለብዙ ወራት ሰነበቱ። መናገር ያሳፍራል፤ እኔ እፎይ አልኩ። እታለም በቀጥታ መስመር ስትደውል ዋጋው ውድ ስለሆነ ሰላምታ ተለዋውጠን እንዘጋለን። ጣራ የሚጠይቅ የለም። ባጃጁም ነዳጅና መለዋወጫ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ቆመ። እማዬ ሁለት ክረምት በሳፋና በጀሪካን ቁራጭ ጠብታ ስትቀበል አሳለፈች። ኢንተርኔቱ ተመልሶም ስለ ቤቱ አንዲት ቃል ለእታለም አልነገረቻትም።

እታለም በ2017 ክረምት መጣች። ሐይቅ ድረስ ወርጄ ተቀበልኳት፤ መንገዱን ሙሉ ልነግራት አፌን እከፍትና እዘጋለሁ። ስንደርስ ዝናብ ነበር። ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ጎረቤት መጣ፣ እልልታው ቀለጠ። ሰዉ ሲሄድ ሳፋው ውስጥ ጠብታው መሰማት ጀመረ። እታለም ቀና ብላ ጣራውን አየች። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣች፣ በአጥሩ ላይ የጎረቤቱን ቤት አየችና ተመለሰች።

እማዬ ቀድማ «እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት» አለች።

እታለም እሷን አልሰማቻትም። «በዓይኔ አሳይተኸኛልኮ» አለችኝ።

ሰድባኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ጅዳ ሆና ያንን ጣራ በስልኳ ቀርጻ አስቀርታው ነበር፤ ሥራ ሲከብዳት፣ አሠሪዎቿ ሲጮኹባት፣ ማታ ማታ እያወጣች ታየው እንደነበር ነገረችኝ። ለሥራ ጓደኞቿም «የእናቴ ቤት ነው» እያለች አሳይታለች። ስልኩን ከፍታ ሰጠችኝ። የእኔ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

ሽማግሌ እንዲገባበት ብጠይቅም እማዬ አልፈቀደችም። የባጃጅ ድርሻዬን በወረደ ዋጋ ሸጥኩ፣ ካሜራው ደህና ነው ያልኩትን ስልክም ጨመርኩበት፤ የጎደለውን ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን ተበደርኩ። ቆርቆሮው ተመታ። ከበላሁት ግማሹ ገና አልተከፈለም፤ የቆርቆሮውም ዋጋ ያኔ በነበረበት አልጠበቀኝም።

እታለም ከመመለሷ በፊት የሠራችው ነገር ግን እኔ በዓመታት ያልሠራሁትን ነው። እማዬን ይዛ ሄዳ መታወቂያዋን አሳደሰች፤ ለፋይዳ የጣት አሻራዋንና የዓይኗን ብሌን ሰጥታ ተመዘገበች፤ በራሷ ስም ሒሳብ ተከፈተላት፣ በራሷ ስልክ። የሚስጥር ቁጥሩን ማንም በሌለበት አስጠናቻት። እማዬ ዛሬም ፊደል አትለይም፤ ቁጥር ግን ለይታ የገባውን ብር ታነባለች። ስታነብ ጮክ ብላ ነው፤ ያ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እታለም ብር በላከች ቁጥር በኢሞ የድምፅ መልእክት ታስከትላለች፤ ስንት እንደላከች፣ ለምን እንደላከች፣ ሁሉን በስም ሰላም ብላ። እማዬ ቡና ላይ ጎረቤት ባለበት ታሰማዋለች። እኔም ካለሁ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

የእናትህን ስልክ የያዝክ ወንድሜ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ዛሬ መልስላት፤ አትችልም ያልከው አንተ ነህ። አረብ አገር ያለሽ እህቴም፣ ብር ስትልኪ መጠኑን ለእናትሽ በራስሽ ድምፅ ንገሪያት። የተሠራውን አሳዩኝ ስትዪም ካሜራውን እናትሽ ትያዘው።