እንቅልፋሙ ተማሪዬ

በክፍሉ ውስጥ ተማሪ ሲተኛበት አስተማሪ የሚሰማውን ንዴት፥ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፥ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በየሰዓቱ እያንቀላፋ ቢያስቸግረኝ፥ ሌሊቱን ሲዞር ያድራል ብዬ ፈረድሁበት። በሦስተኛው ቀን ስሙን ብጠራው ቀና አላለም። ጓደኛው ሲወዘውዘው ዐይኑን ገለጥ አድርጎ «ራሴን አመመኝ፥ ጌታዬ» አለና ተመልሶ ተኛ። እኔ ግን «ሰነፍን ሁልጊዜ ራሱን ያመዋል» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁበት፤ ከሰሌዳውም አጠገብ አቆምሁት። ቆሞ እንኳ አንቀላፋና ወደቀ።

ሐኪም ቤት ስናደርሰው ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ የአንጎል ብግነት፥ ማለት የአንጎል መቆጣት መሆኑን ከነገሩን በኋላ፥ «እንዲህ መተኛት የጀመረው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሦስት ቀን መሆኑን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ለመመለስ አፈርሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ከመጻሕፍት ፈለግሁ። እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ የተባሉ ሐኪም፥ ሰውን ለብዙ ቀናት የሚያስተኛ የአንጎል ብግነት በቪየና ከተማ አይተው ገለጹ። የሞቱትን በሽተኞች አንጎል ሲመረምሩም፥ ከመጠን በላይ ይተኙ በነበሩት ላይ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል የኋላ ወገኑ፥ እንቅልፍ ባጡት ላይ ደግሞ የፊት ወገኑ ተጎድቶ አገኙት። እንግዲህ ንቃት የፈቃድ ነገር ብቻ አይደለም፤ በአንጎል ውስጥ የራሱ ዘበኛ አለው። ዘበኛው ሲታመም ተግሣጽም ሆነ ዱላ አያነቃም።

የሚያንቀላፋ ልጅ ሁሉ በሽተኛ ነው ማለቴ አይደለም። አምሽቶ ያደረ ልጅ ይተኛል፥ ሲቀሰቅሱትም ይነቃል። ነገር ግን እንቅልፉ ከትኩሳት፥ ከራስ ምታት፥ ከትውከት፥ ከአንገት መድረቅ ወይም ከመቀባዠር ጋር የመጣ እንደሆነ፥ ይልቁንም ቀስቅሳችሁት አልነቃ ካለ፥ «ይተኛና ይሻለዋል» ሳትሉ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት አድርሱት።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጁ ከወራት በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ሆኖም ያጠናውን ቶሎ ይረሳል። የእኔን ስም ግን አልረሳም፤ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣኛል። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።