በኢንተርኔት ሬዲዮ ያገኘሁት የሮክ ሙዚቃ

ከተማችን ቆሼ በበርበሬዋ የታወቀች መሆኗን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ስለ ሮክ ሙዚቃ ከቆሼ የሚጽፍ ሰው ግን ብዙ አልተገኘምና፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት እንድትታገሠኝ እለምንሃለሁ።

ሮክ የተባለው ሙዚቃ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በተለይ ከጥቁሮቹ ብሉዝ የተወለደ፣ በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ኃይል የሚመራ ነው። አባቴ ገና እንደ ሰሙት «ይህማ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው» ብለው ፈረዱ። እኔ በበኩሌ ወፍጮ ቤትንም አልጠላም።

ወደዚህ ሙዚቃ ያስገቡኝ የራሳችን ሰዎች ናቸው። የስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ከሚጭን አንድ ልጅ ሱቅ ቆሜ ሳለሁ የጃኖ ባንድን ሰማሁ። ጃኖ የኢትዮጵያን ዜማ ከሮክ ጊታር ጋራ ያጋባ ባንድ ሲሆን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ኤርታሌ» የተባለ አልበም ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ኤርታሌ በአፋር የሚገኘው እሳተ ገሞራ ነውና ስሙ ለድምፁ ልክ ነው። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ፤ ሙዚቃው ግን ከስንት ዓመት በኋላ ለእኔ አዲስ ሆኖ ደረሰኝ።

ከዚያ በኋላ በዩቲዩብ እየፈለግሁ ማዳመጥ ጀመርኩ። ዩቲዩብ ባለ ውለታዬ ነው፤ ዳሩ ግን ጠባዩ እንደ ታዛዥ አሽከር ነው። አንድ ቀን ሽሮ ወደደ ብሎ ጠዋትም ማታም ሽሮ ያቀርባል። የወደድኩትን አይቶ የሚመስለውን ይሰጠኛል እንጂ፣ ጨርሶ ያላሰብኩትን አምጥቶ «እስኪ ይህን ቅመስ» የሚለኝ እምብዛም ነው።

እንዲህ የሚለኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እርሱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ እነሆ አምስት ዓመት ሆነው፤ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ስልኬንም የላከልኝ እርሱ ነው። ሲደውልልን ንግግራችን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ነበር፦ ደህና ናችሁ? ደህና ነን። ገንዘቡ ደረሰ? ደረሰ። አንተስ ጋሼ? እኔ ደህና ነኝ። ሱቁ በሌሊት በተዘረፈ ጊዜ እንኳ ነገሩን ያወቅነው ከሌላ ሰው ነው። እናቴ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም፤ እርሱ ግን በማግሥቱ ደውሎ «ደህና ነኝ» አለ።

ታዲያ አንድ ቀን ስለ ጃኖ ባወራው «በሱቁ የምሰማው አንድ ሬዲዮ አለ» አለኝ። ጣቢያው ኬ.ኢ.ኤክስ.ፒ. ይባላል፤ የሚገኘውም በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናቸውን በኋላ ሳነብ ደስ አለኝ። በዚያ ጣቢያ ዘፈኑን የሚመርጠው ሰው ነው፤ መርጦም ስለ ምን እንደ መረጠው ይናገራል።

የኢንተርኔት ሬዲዮ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል ብለው የሚሰጉ አሉ። በወረቀት አስልቼዋለሁ። አንድ ጣቢያ በሰኮንድ 128 ኪሎቢት ቢልክ፣ ለ8 ሲካፈል 16 ኪሎባይት ይሆናል፤ ይህም በሰዓት 57.6 ሜጋባይት ነው። 64 ኪሎቢት የሆነውን የመረጠ ሰው ግማሹን፣ ማለት 28.8 ብቻ ይጨርሳል። ቪዲዮ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላል። ስለዚህ ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ ምስሉን ትቼ፣ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ኔትወርክ ሲደክም ግን ከስሌቱ የሚገኝ ረድኤት የለም።

በዚህ መንገድ ካገኘኋቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ ኤምዱ ሞክታር የተባለው የኒጀር ሰው ነው። ቱዋሬግ ነው፤ የሚዘፍነውም በቋንቋው በታማሼክ ነው። የመጀመሪያ ጊታሩን ከእንጨት ሠርቶ በክር ፈንታ የብስክሌት ሽቦ እንደ ወጠረበት ይነገራል። ዝናውም በሰሃራ በረሃ የተዳረሰው ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ነው። በዚህ ነገር ከእኛው የሱቅ ልጅ ምን ይለያል? በ2021 እ.ኤ.አ. «አፍሪክ ቪክቲም» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ግን ያሳተመለት ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር።

ይህን ሰው ሳሰማ እናቴ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበርና እጇን አቁማ «የየት አገር ሰው ነው? ሐዘን አለበት እንዴ?» አለች። ማረቅኛ፣ ጉራግኛ፣ ስልጥኛና አማርኛ በሚሰማበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች የማናውቀው ቋንቋ ብዙም አያስደነግጠንም። ደግሞም የእኛ ቅኝት፣ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ በአምስት ድምፅ ይሠራል፤ የብሉዝና የሮክ ጊታሪስቶችም አዘውትረው የሚመላለሱት በአምስት ድምፅ ስኬል ላይ ነው። እናቴ ይህን ሳትማር በጆሮዋ ለየችው።

ከወንድሜ ጋራ ውል አለን። ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ሁለታችንም ጣቢያውን እንከፍታለን። እርሱ ዘንድ 12 ሰዓት ነው፤ ሲያትል ግን ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ በጋቸው ሲመጣ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 3 ይሆናል። እዚያ ያለው አቅራቢ እንደምን አደራችሁ ሲል እኛ በቆሼ መብራት አብርተናል። አንዱን ዘፈን ሁለታችን አብረን እንሰማለን። ከዩቲዩብ መርጠን ብንሰማ ይህ አይሆንም፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንሰማለን። ስልክ የሚመጣውን ድምፅ ጥቂት አጠራቅሞ ስለሚያሰማ አንዳንድ ጊዜ እርሱ በጥቂት ሰኮንድ ይቀድመኛል። ስለዚህ «አሁን የሚመጣውን ጊታር ስማ» ብሎ ሲጽፍልኝ እኔ ገና አልሰማሁትም፤ ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

አሁን «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላም ይጽፋል። ይህ ዘፈን የመርካቶን አውቶቡስ አስታወሰኝ ይላል። ይህን ስሰማ ሱቁን የዘጋሁበት ሌሊት ታወሰኝ አለኝ አንድ ቅዳሜ፤ ስለ ዝርፊያው ሲያነሣ የመጀመሪያው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እናቴን ከአጠገቤ እንዳስቀምጣት ጠየቀኝ። ጊታሩ ወፈር ያለ ባንድ ነበር የቀረበው፤ እርሷ ነጠላዋን እያስተካከለች «ድምፁን ቀንሰው እንጂ፣ እርሱም እኮ ይሰማል» አለች።